ንብና ዱር በወሎ ደጋ

ከደሴ ከተማ ወጥቶ በሰሜን ምዕራብ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ኩታበርን ያገኛል። መንገዱ ከዚያ ወዲያ ወደ ተንታና ወደ መቅደላ ያቀናል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ የአምባሰል ገደል እንደ ቅጥር ቆሞ ይታያል። በዚሁ በአምባሰል ምድር የነገሥታት ልጆች ይጠበቁባት የነበረችው የግሸን አምባ አለች፤ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ ውል የተፈረመባት ውጫሌም በዚያው ናት። የታሪክ ጸሓፊዎች አምባሰልን የሚያነሡት በነዚህ በሁለቱ ነው። ስለ ማሩ የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

የሀገሩ ሽማግሎች ስሙን ሲፈቱ፥ አምባ የአማርኛ ቃል ነው፥ አሰል ደግሞ በዐረብ ቋንቋ ማር ማለት ነው፥ ስለዚህ አምባሰል የማር አምባ ይባላል ይላሉ። ይህ ፍቺ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው እንጂ ከጥንት መጽሐፍ የተገኘ አይደለም። የቦታ ስም ፍቺ ብዙ ጊዜ ከድምፅ መመሳሰል ስለሚነሣ አስተዋይ ሰው በዚህ ብቻ ታሪክ አያቆምም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለተራራው እንዲህ ያለ ትርጓሜ የሚያወጣለት ማሩን ሲቀምስ ከኖረ በኋላ ነው። ይልቁንም ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ስም ውስጥ ቃላቸውን አዋጥተው መገኘታቸው ለወሎ የሚገባ ነገር ነው። ክርስቲያኑ መጥምቁ ዮሐንስ በበረሓ የተመገበውን የዱር ማር ያስባል፤ እስላሙም በቁርኣኑ በንብ ስም የተጠራ 16ኛ ምዕራፍ አለው። ሁለቱም ቀፎአቸውን የሚሰቅሉት በአንድ ወይራ ላይ ነው።

ከአምባሰል በስተ ሰሜን በላስታ የሚነገረው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበውት ቢታዩ፥ እናቱ ንቦች መንግሥቱን ዐወቁለት ብላ ስሙን እንዳወጣችለት በትውፊት ይነገራል። ንብ የመንግሥት ምልክት መሆኗ በሌላም ሀገር የታወቀ ነው፤ የጥንት የግብፅ ፈርዖኖችም በማዕርግ ስማቸው ላይ የንብ ሥዕል ይጽፉ ነበር። የላስታው ነገር የሚለየው ንቦቹ በዙፋን ላይ የተቀረጹ ሳይሆኑ በሕፃን አልጋ ዙሪያ በሕይወት የሚያንዣብቡ መሆናቸው ነው። ንብ በሌለበት ምድር እንዲህ ያለ ታሪክ አይተረክም።

ቤተ ክርስቲያን ከንብ የምትቀበለው ማሩን ብቻ አይደለም፤ ከማሩ ይልቅ ሰሙን ትፈልጋለች። በማኅሌት ሌሊት በካህናቱ እጅ የሚበራው ጧፍ በጥጥ ፈትል ላይ የተለበጠ ሰም ነው። የዛጕዬ ዘመን የናስ መስቀሎችም የተሠሩት በሰም ነው፤ አንጥረኛው አስቀድሞ መስቀሉን በሰም ይቀርጸዋል፥ በጭቃ ይለብጠዋል፥ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ በባዶው ስፍራ የቀለጠውን ናስ ያፈስበታል። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የሚባለው የነገር አካሄድ ስሙን ያገኘው ከዚህ ከአንጥረኛ ሥራ ነው። የቅኔ ተማሪ ዕለት ዕለት ሰም ሰም ሲል ይውላል፤ ሰሙ ከየት እንደ መጣ ሲጠየቅ ግን ከገበያ ይላል። ገበያው ከንብ፥ ንቧም ከአበባ፥ አበባውም ከዱር እንደሚቀበሉ የሚያስብ ጥቂት ነው።

የቀደሙ አባቶች ግን ይህን አልዘነጉትም። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ባስተማረው ትምህርት የንብን ሥርዐት እያደነቀ ለሰው ምሳሌ አድርጎ አቅርቧታል። በዚያ ዘመን የቀፎው ገዥ ወንድ ንጉሥ እንደ ሆነ ይታመን ነበር፤ በአማርኛም እስከ ዛሬ አውራ ትባላለች። ገዥዋ እንቍላል የምትጥል ሴት መሆንዋን በምርመራ ያሳየው በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሆላንዳዊ ስዋመርዳም ነው። በ1792 በፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ የስዊስ ሰው ፍራንስዋ ሁበር ስለ ንቦች አዲስ መጽሐፍ አወጣ። ይህ ሰው ዐይነ ሥውር ነበር፤ በአገልጋዩ ዐይን እያየ፥ በራሱ ልብ እየመረመረ፥ ዐይናሞች ያላዩትን አገኘ። በ1851 አሜሪካዊው ቄስ ላንግስትሮዝ በሠፈፍና በሠፈፍ መካከል ንብ የማትዘጋው የታወቀ ክፍተት እንዳለ አስተዋለ፤ ሠፈፉ ሳይሰበር የሚወጣበትና የሚገባበት የሣጥን ቀፎ የተሠራው ከዚህ የተነሣ ነው። ንብ በጭፈራ እኅቶቿን ወደ አበባው እንደምትመራ የገለጠው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽም በ1973 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከነዚህ ሁሉ ምርመራዎች ለዱር ነገር የሚጠቅመው አንዱ ነው። ንብ ከቀፎዋ ብዙ አትርቅም፤ ቀለቧን አብዛኛውን ጊዜ የምትሰበስበው በሁለትና በሦስት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ውስጥ ነው። ለአንድ ኪሎ ማር ንቦቹ የሚጎበኟቸው አበቦች በሚሊዮን ይቈጠራሉ። ስለዚህ የአንድ ቀፎ ማር የዙሪያው ምድር ምስክር ነው። ኮረብታው ከተራቈተ ገበሬው ቀፎውን በጥንጁት ቢያጥነውም፥ በር በሩን ቢጠብቀውም፥ ማር አያገኝም። በበሬ ወይም በበግ እንዲህ አይደለም፤ በግ የመጨረሻዋን ሣር ነቅሎ እስኪጨርስ ድረስ ሊወፍር ይችላል።

በወሎ ደጋ የማር ጊዜ ሁለት ነው። ታላቁ ከክረምት በኋላ ይመጣል፤ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ሜዳውን ያለብሰዋል፥ ማገጡም በየመስኩ ያብባል፥ በጥቅምትና በኅዳርም ቀፎ ይቈረጣል። ሁለተኛው በልግ በደህና የዘነበ እንደ ሆነ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ ይገኛል። ነገር ግን በነዚህ በሁለቱ መካከል ያሉትን ወራት ንቦቹን የሚያሻግራቸው ሣርና አዝመራ አይደለም፤ ዛፍ ነው። ገራዋ፥ ወይራ፥ ኮሶ፥ ጥቁር እንጨት፥ ቀጋ፥ ከፍ ባለው ውርጫማ ስፍራም አስታና አሜጃ በየተራቸው ያብባሉ። ዛፉ የጠፋበት አገር አደይ ሲያብብ ጥቂት ማር ቢያገኝ እንኳ በበጋው ንቡ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። ባላገር ይህን ሲያይ ንቤ ኰበለለ ይላል። ይሁን እንጂ አስቀድሞ የኰበለለው ዛፉ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወሎ ደን የሚነገረውን ነገር መመርመር ይገባል። ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት ከመቶው 40 እጅ በደን የተሸፈነች ነበረች የሚለው ቃል በየስብሰባው ይደጋገማል፤ ነገር ግን የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን መሠረቱን ቢፈልግ የሚያስተማምን ማስረጃ አላገኘለትም። ስለ ወሎም ዶናልድ ክረሚ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎችን ከ60 ዓመት በኋላ በዚያው ስፍራ ከተነሡት ጋራ አስተያይቶ፥ በብዙ ቦታ ዛፍ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አላገኘውም። ይህን የሰማ ሰው ደስ ሊለው ይችላል፤ ሆኖም የጨመረው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ እንግዳ ነው፤ ለቤት ሥራና ለማገዶ ታላቅ ጥቅም አለው፥ ንብም አበባውን ትወዳለች። ድኩላ ግን አይጠለልበትም፥ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ አይበቅልም። የወሎ ገበሬ ዛፍ መትከል አያውቅም የሚሉ ሰዎች በዚህ ፎቶግራፍ ተረትተዋል፤ ገበሬው የሚተክለው የራሱ እንደሚሆን የተረጋገጠለትን ነው።

ሀገር በቀሉ ዛፍ የተረፈው በሁለት ስፍራ ነው፤ አንዱ ሰው በማይደርስበት ገደል፥ ሁለተኛውም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ1999 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለማዕርግ ባቀረቡት ጽሑፍ የደቡብ ጎንደርን 28 አብያተ ክርስቲያናት ደን መርምረው ነበር። ከዚያ በኋላ በባዕድ አገር ያሉ ሊቃውንት እነዚህን ደኖች ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ሲያዩ በገለባ ሜዳ ላይ የተጣሉ አረንጓዴ ፈርጦች መሰሏቸው። ለካህናቱ ግን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ዛፉ የታቦቱ ልብስ ነው ብለው ሲጠብቁት ኖረዋልና። ሆኖም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የቤተ ክርስቲያን ደን ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ ወፍንና ንብን ያስጠልላል፥ ነብርንና ቀበሮን ግን አያኖርም። ለነዚህ ሰፊ ዱር ያስፈልጋል፥ ሰፊም ዱር በክብር ብቻ አይጠበቅም።

ሰፊ ዱር በባላገር እጅ እንዴት እንደሚጠበቅ ያሳየው መንዝ ነው። ጓሳ በሚባለው ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዐት ነበረ። ባለ ርስቶቹ የጓሳውን ሣር ለብዙ ዓመት ይዘጉታል፥ በተራ ይጠብቁታል፥ ሰርቆ ያጨደውን ይቀጡታል፥ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ በደረሰ ጊዜም በአንድ ቀን ለሁሉ ይከፍቱታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ምድር እስከ ዛሬ የተረፉት ከዚህ የተነሣ ነው። ማንም ስለ ቀበሮ ብሎ አልዘጋውም፤ የሣሩ ጥቅም ቀበሮውን አዳነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ በታወጀ ጊዜ የርስት መሠረት ስለ ተነቀለ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ባለቤቱ ሁሉ ነው ሲባል ጠባቂው ማንም አልሆነም። የመንዝ ሰዎች ሥርዐቱን በሌላ ስም መልሰው እስኪያቆሙት ድረስ ዓመታት አለፉ።

በወሎ የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ መንግሥት ኮረብታዎችን ዘግቶ በችግኝ ያስተክል ጀመር። ሥራው በእህል ደመወዝ ይሠራ ነበርና የተራበው ሕዝብ እርከኑን በድንጋይ ካበው፥ ችግኙንም ተከለው። ከዚያ በኋላ ግን ከብቱን ወደ ኮረብታው እንዳያገባ፥ ሣሩንም እንዳያጭድ ተከለከለ፤ አንዳንዱም ከመንደሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲሰፍር ተደረገ። በኮምቦልቻ አጠገብ ያለው የየጎፍ ተራራ የዚህ ነገር ምስክር ነው። በ1982 ዓ.ም. የኤኮኖሚው ሥርዐት ሲላላ፥ ይልቁንም በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ፥ በብዙ ስፍራ ሕዝቡ ምሳሩን ይዞ ወጣና በገዛ እጁ የተከለውን ዛፍ ቈረጠው። ብዙ ሰዎች ይህን የድንቍርና ሥራ ብለውታል። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ያ ሕዝብ በአሥር ዓመት ጥበቃ ከኮረብታው አንድ እፍኝ ጥቅም ያላየ ነውና፥ ዛፉን የጌታው ዛፍ አድርጎ አየው፤ ጌታውም ሲሄድ ዛፉን ከጌታው ጋራ ሸኘው።

የሚገርመው በዚያው ዓመት ሳይነካ የቀረ ዱር መኖሩ ነው። ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ፥ በቦረናና በሳይንት መካከል፥ ደንቆሮ ጫካ የሚባለው ዱር አለ። ደንቆሮ የማይሰማ ማለት ነው፤ ጥቅጥቅ ባለ ዱር ውስጥ ድምፅ ስለሚዋጥ ስሙ ለቦታው የማይስማማ አይደለም። ምድሩ ከ1,900 ሜትር ተነሥቶ እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ በታችኛው ወይራና ጥድ፥ በመካከለኛው ኮሶ፥ በላይኛው አስታና ጅብራ ከጓሳ ሣር ጋራ ይገኛሉ። ነብር፥ ድኩላ፥ ሰስና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ በራሱም ላይ ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች አሉ። ይህ ዱር በ2009 በፈረንጆች አቆጣጠር በአማራ ክልል መንግሥት ደንብ 4,375 ሄክታር ስፋት ያለው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በኋላም ወረሂመኖ ተጨምሮበት ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ እንዲሆን ተወሰነ። ለዱሩ መዳን መልካም ነገር ነው። በዙሪያው ላለው ገበሬ ግን ትናንት ከብቱን ያሰማራበት፥ ማገዶውን የለቀመበት ምድር ዛሬ ዘበኛ ቆመበት ማለት ነው፤ የ1983ን ነገር የሚያስታውስ ሰው ይህን ሳያስብ አያልፍም።

ስለ ቀይ ቀበሮ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም፤ በመላው ኢትዮጵያም ያለው ቍጥር 500 ያህል ነው። ከውሻ የሚጋባበት በሽታና የግጦሽ መስፋፋት ያጠፉታል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ግን ስለ እርሱ ደስ የሚያሰኝ ዜና ተሰማ። በባሌ ተራሮች የሚመረምሩ ሊቃውንት ቀበሮዎቹ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የቆመውን ቀይና ቢጫ አበባ ማሩን እየላሱ ሲዞሩ አይተዋል፤ አንዱም በአንድ መንገድ እስከ 30 አበባ ጎብኝቷል። አፍንጫቸውም በአበባው ዱቄት ተሸፍኖ ስለሚታይ፥ እንደ ንብ ዱቄቱን ከአበባ ወደ አበባ ሳያደርሱ አይቀሩም ተብሎ ተገምቷል። የባሌ እረኛ ልጆችም ያንኑ አበባ ይልሳሉ። ሥጋ በል አውሬ፥ እረኛና ንብ በአንድ ማእድ ተገኙ ማለት ነው።

ቀፎን ለዱር ጠባቂ ማድረግ የሚለው አሳብ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በምዕራብ ኢትዮጵያ በሸካና በከፋ ዱር ኮቦ የሚባል የቈየ ልማድ አለ። በዚህ ልማድ የዱሩ ክፍል ቀፎ ለሚሰቅልበት ቤተ ሰብ የታወቀ ነው፤ ሌላው ሰው በዚያ ክፍል ቀፎ አይሰቅልም፥ የማር ዛፉንም አይቈርጥም። ዱሩ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የማር ጓዳ ነውና ምሳር የያዘን እንግዳ የሚያባርረው ባለ ቀፎው ራሱ ነው። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንግሥትና በጎ አድራጊ ማኅበሮች ደንን ከባላገር ጋራ በውል የመጠበቅን ሥራ በጭሊሞና በቦንጋ ሲጀምሩ፥ ባላገሩ ከዱሩ ከሚያገኘው ጥቅም አንዱ ማር ነበር። በኬንያ ደግሞ ዝኆን ንብን እንደሚፈራ ስለ ታወቀ በእርሻ ዙሪያ ቀፎ በገመድ ያንጠለጥላሉ፤ ዝኆኑ ገመዱን ሲነካ ንቡ ይወጣበታል፥ ገበሬውም እህሉንና ማሩን ያገኛል፥ ዝኆኑም ከጥይት ይድናል።

በወሎ ደጋ የዱሩ መልክ ሌላ ነው፤ ነገሩ ግን ተመሳሳይ ነው። ንብ ማርባት የእርሻ መሬት አይጠይቅም። መሬት ያልደረሰው ጎልማሳ፥ በሬ የሌላት መበለት፥ በተዘጋ ኮረብታ ላይ ቀፎ ሊያኖሩ ይችላሉ። በአማራ ክልል በብዙ ወረዳ ሥራ የሌላቸው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ከከብት የተከለከለው ኮረብታ ለንብ ማርቢያ የተሰጣቸው ስለዚህ ነው። ቀፎው ከተቀመጠ በኋላ ኮረብታው በሁለት ወገን ይጠበቃል። አንደኛ፥ ባለ ቀፎው አበባውን ለንቡ ስለሚፈልገው ከብት ሲገባ ዝም አይልም። ሁለተኛ፥ ንቡ ራሱ ዘበኛ ነው፤ በቀፎ አጠገብ በምሳር የሚደበድብ ሰው ብዙ አይቈይም። ዘበኛ በወር ደመወዝ ይቆማል፥ ደመወዙ ሲቀር ይሄዳል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ኩታበርና ወደ ቦሩ ሜዳ በደረሰ ጊዜ እንደ ታየው፥ ሥርዐት በታወከ ቀን የመንግሥት ጥበቃ ከሁሉ አስቀድሞ ይላላል። ባለ ቀፎ ግን ከቀፎው አይርቅም።

ይህ ሲባል ንብ ለሁሉ ነገር መድኀኒት ናት ማለት አይደለም። ማር ቈራጭ ችቦውን በደረቅ ሣር ላይ ጥሎ ቢሄድ በአንድ ሌሊት ዱሩን ያቃጥላል፤ ብዙ የዱር ቃጠሎ ከዚህ ይነሣል። ግንድ ፈልፍሎ ቀፎ የሚሠራ ሰውም ዱርን ለማዳን ዱርን ይቈርጣል። የወሎ ባላገር ቀፎ ከዚህ ነጻ ነው፤ ሽመልን ወይም ጭራሮን ጠምዝዞ በእበትና በጭቃ ይመርገዋልና። ደግሞም በአንድ ስፍራ ቀፎ ያለ ልክ ቢበዛ በቤት ያልተያዙት ንቦች ይራባሉ። ከነዚህ አንዲቱ ጣዝማ ናት፤ እርሷ በመሬት ውስጥ ትኖራለች፥ አትናደፍም፥ ማሯ ለሳልና ለሕመም ስለሚፈለግ በውድ ይሸጣል። የጣዝማ ማር የሚገኘው ጕድጓዷን ቈፍሮ ቤቷን በማፍረስ ነውና፥ መድኀኒት ፈላጊው በበዛ ቍጥር ጣዝማዋ ትጠፋለች። ከሁሉም የሚያስፈራው በእርሻ ላይ የሚረጨው መርዝ ነው። አረም ማጥፊያው ለንብ ቀለብ የሚሆነውን አበባ ያጠፋል፥ የተባይ መርዙም ንቧን በሜዳ ያስቀራል። አንዱ ጎረቤት ቀፎ ሰቅሎ ሌላው ጎረቤት በቀትር መርዝ ቢረጭ ማኅበሩ በአንድ ቀን ይከስራል፤ ንብ የእርሻ ድንበር አታውቅምና። ንብ ማርባት የአንድ ሰው ሥራ ሳይሆን የቀበሌ ሥራ የሚሆነው በዚህ ነው፤ የሚረጭበትን ሰዓት እንኳ ተማክሮ ወደ ማታ ማድረግ ይቻላል።

ስለ ቀፎው ዐይነትም ክርክር አለ። በሆለታ የንብ ምርምር ማእከል ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራ የኖረው አዲሱን የሣጥን ቀፎ ለባላገር ማስተማር ነው። በባላገር ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ይገኛል፤ በሣጥን ቀፎ ግን በደህና የተያዘ እንደ ሆነ ከ15 እስከ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ይቈረጣል። ማሩም የጠራ ስለሆነ፥ በ2000 ዓ.ም. የኤውሮፓ ማኅበር የኢትዮጵያን ማር እንዲገባ ከፈቀደ ወዲህ ለውጭ ገበያ ይስማማል። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው የአባቶችን ቀፎ ጥሎ ሣጥኑን መያዝ ይገባል ይል ይሆናል። ነገር ግን በሣጥን ቀፎ ሠፈፉ በመዘውር ተጠንፍፎ ለንቡ ይመለሳልና ሰም የለም ማለት ይቻላል፤ ከማሩ ክብደት ከመቶው ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። የባላገሩ ቀፎ ግን ሠፈፉ ተቈርጦ ስለሚወጣ ከመቶው ከ8 እስከ 10 እጅ ሰም ይሰጣል።

ለነጋዴ ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ግን ትንሽ አይደለም። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ጧፍ ብዙው ከድንጋይ ዘይት በተሠራ ነጭ ሰም የተነከረ ነው። ሲበራ የማር ሽታ የለውም፤ ጥላሸቱ የመቅደሱን ሥዕል ያጠቍራል፥ ዋጋው ግን ዝቅ ያለ ስለሆነ ምእመኑ ይገዛዋል። በኩታበር ወይም በሳይንት ያለ አንድ ደብር በቅጥሩ ውስጥ አሥር የባላገር ቀፎ ቢያኖር፥ ከእያንዳንዱ 6 ኪሎ ማር ቢቈርጥ፥ በዓመት 5 ኪሎ ያህል ሰም ያገኛል። ለዓመቱ ማኅሌት ሁሉ አይበቃ ይሆናል፤ ለዐቢይ ጾምና ለትንሣኤ ሌሊት ግን ይበቃል። ማሩም ለአብነት ተማሪው ቀለብ ይሆናል። ከቅጥሩ ውጭ በተዘጋው ኮረብታ ላይ ያሉት ወጣቶች፥ ክርስቲያኑም እስላሙም፥ ሣጥኑን ይዘው ማሩን ለገበያ ያውጡ፤ ደብሩ ደግሞ የሽመሉን ቀፎ ይዞ ሰሙን ያውጣ። ንቦቹ ከሁለቱም ወገን ወጥተው በአንድ ገራዋ ላይ ይገናኛሉ።

ለዚህ ሥራ ከባዱ የቀፎው ዋጋ አይደለም፤ ሽመልና እበት በየቤቱ አለ። ከባዱ ኮረብታው የማን እንደ ሆነ በጽሑፍ መታወቁ ነው። የማኅበሩ ወጣቶች ለስንት ዓመት እንደ ተሰጣቸው፥ ሊቀ መንበር ሲለወጥ ውሉ እንደማይለወጥ፥ በፓርኩ ዳርቻ ያለው ገበሬም ቀፎውን ለመጐብኘት በምን ወር መግባት እንደሚፈቀድለት፥ ይህ ሁሉ ሳይጻፍ የተጀመረ ማኅበር በ1983 ዓ.ም. ከተቈረጠው ችግኝ የተለየ ሥር የለውም። በሸካ ኮቦውን የሚያውቀው ጎረቤቱ ሁሉ ነው፤ በመንዝም የቄሮውን ድንበር ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቀው ነበር። በደንቆሮ ጫካ ዙሪያ ያሉት ቀበሌዎች መጪው መስከረም ጠብቶ አደይ ከማበቡ በፊት፥ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፥ ተሰብስበው ሊነጋገሩበት የሚገባው የድንበርና የወር ነገር ይህ ነው።